ቆይ፣ ንግሥቲቱ ገና አልተነሣችም

ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክፉ ሲመጣበት በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ክፉ ሲመጣበት ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። እንደማታውቁት ሆናችሁ አትዩኝ፤ በደንብ ታውቁታላችሁ። አፋችሁን አስከፍቶ በአፍንጫው የሚያንጎራጉረው፣ መሰርሰሪያውንም ልክ ከበሮው ሲገባ ወደ መንጋጋችሁ የሚያስጠጋው የጥርስ ሐኪም ከነዚህ ወገን ነው። ሊፍት ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት ጣቱ የማይታይ ሠራዊት የሚያዘው ጎረቤትም ከነዚህ ነው። "ምን እየሰማህ ነው?" ብላችሁ የጠየቃችሁት ዕለት አለቀላችሁ፤ ምሳችሁ ይቀዘቅዛል። የሚሰማው የፍቅር ዘፈን አይደለም። ጌም ውስጥ ስንት ሜዳ፣ ስንት ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ፣ እነሱ "ቦስ" የሚሉት፣ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሣ አንድ ክፉ አለ። እሱን ስትገጥሙ የሚመታውን ሙዚቃ ነው የሚሰማው። ክፉውን አይወዱትም፤ የሄዱትም ሊገድሉት ነው። ለዜማው ግን ነፍሳቸውን ይሰጣሉ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ብትሉኝ፣ አንዷን ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ክብርት የልጅ ልጄ ሥራዋ ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ትፈታለች፣ ትለጥፋለች፣ ትነፋለች። ሰፈሩ "ኮምፕሬሰር" ይላታል፤ ንፋስ ከሚሞላው ሞተር አጠገብ ስለምትውል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳንባዋ ነው። ስታስነጥስ የጎረቤት ድመት ጣሪያ ትቀይራለች። የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች የሙዚቃ ጓድ ውስጥ፣ ያንን ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ አፉ ሰማይ ሰማይ የሚያየውን፣ ሕፃን ቢገባበት የማይገኝበትን ትልቅ ጥሩምባ የምትነፋው እሷ ናት።

ከሥራ ስትመለስ እጇን በልብስ ሳሙና ፈትጋ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ጉልበቴ ላይ ታስደግፍና ጆይስቲኳን ታነሣለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ረጅም ግንብ አለ። ግንቡ ጫፍ ላይ የጨው ንግሥት ተቀምጣለች። የረገጠችው ምድር ሁሉ ጨው ሆኗል። መልኳ ነጭ፣ ዘውዷ ነጭ፣ አንደበቷ ኮምጣጣ።

ንግሥቲቱ ከመዋጋቷ በፊት ትናገራለች። ንግግሯ ከታች በጽሑፍ ይመጣል፤ ወዳጆቿ ተሰብስበው ወደ ቋንቋችን መልሰውታል፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ቃል የማነበው እንደ ትኩስ ድንች ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ አገላብጬ፣ እፍ እፍ ብዬ፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው የምውጠው። ክብርት ኮምፕሬሰር እስክጨርስ አዝራሩን አትነካም።

"'አንተ… ትንሽ… ሰው… እስከዚህ የመጣኸው… መቃብር… ፍለጋ ነው?' ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ስድ ናት!"

"ጨረስሽ እማማ?"

"ጨረስኩ። በያት!"

ታዲያ የምትላት እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ ዜማው ይጀምራል፣ እሷም ብርሃን የሚተፋውን ሰይፍ ከጀግናው ወገብ ፈትታ ታስቀምጥና አንድ የእንጨት ዱላ ታወጣለች። በዱላ! ያቺን የምታህል ንግሥት በዱላ ትነካካታለች፤ ስትቆስል ወደ ኋላ ብላ መድኃኒት ትጠጣለች፤ ተመልሳ ትነካካታለች። እንዲህ የተጦረ ጠላት አይቼ አላውቅም። ከጓዳ ልብስ ስፌት ላይ ያለችው ልጄ፣ የእሷ እናት፣ የመኪናውን ፔዳል ታቆምና ትጮኻለች።

"ምነው እናንተ! ግደያትና እራት እንብላ!"

"እማዬ፣ ብገድላት ዜማው ይቆማል!"

ይህ በቤታችን ውስጥ ከሰላምታ ይልቅ የሚደጋገም ቃል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላው ነው፤ ሁለት ጣቷን አንሥታ፣ አንገቷን አስግጋ፦ "ቆይ! ገና አልተነሣችም።" ንግሥቲቱ ጉልበቷ በግማሽ ሲቀንስ ከዙፋኗ ትነሣለች። ስትነሣ ዜማው ይለወጣል፤ ከበሮው እጥፍ ይሆናል፣ የማንም ባልሆነ ቋንቋ ብዙ ሕዝብ አብሮ መዘመር ይጀምራል። ያን ጊዜ ክብርትነታቸው "ተነሣች!" ብለው ይጮኻሉ፣ ድመቷም ጣሪያ ትቀይራለች።

ጎሚስታ ቤት ያለውን ባታዩት ይሻላል። አንድ ቀን የባንክ ሥራ አስኪያጅ መኪናውን በክሪክ አንጠልጥላበት፣ ብሎኑን ግማሽ ፈትታ፣ ዜማው ከስልኳ እየተሰማ ጣቷን አነሣች።

"ቆይ! ገና አልተነሣችም።"

"ማን ናት የምትነሣው? መነሣት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ስብሰባ አለኝ!"

"ጌታዬ፣ ንግሥቲቱ ሳትነሣ ማንም አይነሣም።"

ሰውየው ተቆጥቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ግን "ያቺ ነገርዮ… ዛሬ የለችም?" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። እንዲህ ነው የሚዛመተው፤ ከጉንፋን አይለይም።

የጎረቤት ሠርግ ላይ ደግሞ፣ ኬክ ሲቆረስ ሙዚቃ እንድትመርጥ የፈቀደላት አንድ የዋህ ሰው ተገኘ። ሙሽራው ቢላዋውን ከፍ አድርጎ እንደቆመ ዜማው ጀመረ። ፎቶውን ያየ ሰው ሙሽራው ኬኩን ሊገድል የመጣ ይመስለዋል። ከፎቶዎቻቸው ሁሉ አስፍተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት እሱን ነው።

ስልኳ ውስጥ ደግሞ ማኅበር አላቸው። ማኅበርተኞቹ ተያይተው አያውቁም፣ ተኳርፈው ግን ያውቃሉ። በድሮው ጌም ላይ መዘምራኑ ከከበሮው ጋር ነው የሚገቡት ወይስ ከከበሮው ቀጥለው? በዚህ ነገር አንድ መሐንዲስና አንድ አትክልት ሻጭ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። አንዱ ዜማውን በዋሽንት ተጫውቶ ይልካል፣ ሌላው በማንኪያና በብርጭቆ። አንዲት ነርስ ዜማውን መልሳ መላልሳ ቀጣጥላ ላከችና "ሙሉ ፈረቃዬን የምሠራው በዚህ ነው" አለች። በሽተኞቹን አሰብኩ።

"ለመሆኑ ምኑን ነው እንዲህ የምትወጂው?" አልኳት አንድ ቀን። "ጀግናውስ ዜማ የለውም እንዴ?"

ጆይስቲኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ።

"እማማ፣ ጀግናው ሲመጣ የሚነፉት እነዚያ ትንንሾቹ ጥሩምባዎች ናቸው፤ ጢ፣ ጢ፣ ጢ! ፍቅረኛሞቹ ሲገናኙ ዋሽንት ነው። እኔ ምን እላለሁ? ቡም። ቀጥሎስ? ቡም። ጓዱ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ቡም! ክፉዋ ስትመጣ ግን ሁሉም ጥግ ይይዛሉ፤ ዜማውን የሚሸከመው ትልቁ ጥሩምባ ነው። እኔ ነኝ!"

ከዚያ ወዲያ ስለ ዜማው ክፉ ወጥቶኝ አያውቅም። ጮክ ብዬ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቷ ልምጣ። የእኛ ቡድን በዚያ ዓመት መጨረሻ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ቆሟል። አንዱ ጨዋታ በሜዳችን፣ ሌላው ከሜዳችን ውጪ ነው። የሙዚቃው ጓድ አለቃ ሻለቃ ናቸው። ሻለቃ የሚባሉት ወታደር ሆነው አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ፖስታ ሲያድሉ ነው የኖሩት። ማዕረጉን የሰጣቸው ጢማቸው ነው። እኚህ ሰው ለትልቁ ጥሩምባ ከቡም ሌላ ፈቅደው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ጨነቃቸው፤ በሜዳችን የምንገጥመው ኃይለኛ ቡድን ነው።

"አንቺ ልጅ፣" አሏት፣ "ቡድኖቹ ሲገቡ አንድ የሚያስፈራ ነገር ንፊ። እንግዶቹ ይደንግጡ።"

ክብርት ኮምፕሬሰር ስትጠብቀው የኖረችው ቀን ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ጎሚስታ ቤቱ ጓሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ተለማመደች። በጨዋታው ቀን እንግዶቹ ከመተላለፊያው ብቅ ሲሉ፣ ሃይማኖቷ እንዳዘዘው አደረገች። የክፉው ዜማ የሚመታው ክፉው ሲገባ ነው። ነፋችላቸው።

እኔ እዚያው ነበርኩ። እንግዶቹ መጀመሪያ ደንገጥ ብለው ቆሙ። ቀጥሎ ተያዩ። ቀጥሎ… እንዴት ልንገራችሁ፣ አደጉ። ደረታቸው ተነፋ፣ እርምጃቸው ከዜማው ጋር ገጠመ፤ አሥራ አንድ ጎልማሳ ዓለምን ሊያጠፋ ገባ። የእኛዎቹ ተከትለው ሲገቡ ዜማው አልቆ ነበር፤ በር ተሳስተው ሰው ቤት የገቡ መሰሉ። በረኛችን ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በኋላ "እኔ ራሴ ፈራኋቸው፣ ኳሷን ስጧቸውና ይሂዱ የሚል ስሜት መጣብኝ" ብሎ ነግሮኛል። አራት ለዜሮ።

ሻለቃ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ መጡ።

"ለማን ነው የነፋሽው?"

"ለእነሱ ነዋ! የገቡት እነሱ አይደሉም?"

"ለጠላት?!"

"ሻለቃ፣ ለወዳጅማ ማን እንዲህ ይነፋል? ዜማ የሌለው ጠላት እኮ ተራ ሌባ ነው!"

ይህ መልስ በማኅበሯ ዘንድ የሚያስጨበጭብ ነው። ሻለቃ ዘንድ ግን አላስጨበጨበም። ጥሩምባው የክለቡ ንብረት ነው። ከእጇ ተቀብለው ወሰዱት፣ መጋዘን ቆለፉበት፣ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። "ከእንግዲህ ይህን አፍሽ አይነካውም" አሏት።

የሰፈሩ ምላስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "ኮምፕሬሰር፣ ጎማዬን ንፊልኝ፤ ለጠላት መኪና እንዳይሆን ብቻ!" ይላታል አንዱ። ሌላው ከመንገድ ማዶ "ቡም!" ብሎ ይሮጣል። ለማንም አትመልስም። የምትመልስ ልጅ ሳትመልስ ስትቀር ነው የሚያስፈራው። ከሥራ ትመጣለች፣ እጇን ታጥባ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች። ጆይስቲኳ ላይ አቧራ ተኛበት። ልጄ ስፌቷን አቁማ ከጓዳ ብቅ ትልና ቴሌቪዥኑን አይታ ትመለሳለች። እራት በሰዓቱ መብላት ጀመርን። ለካ እራት በሰዓቱ እንዲህ አይጣፍጥም።

አንድ ቀትር ላይ ምሳዋን ይዤላት ሄጄ የጎማ ክምር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አንድ ረጅም ወጣት የኋላ ጎማዋ የተኛ መኪና እየጎተተ መጣ። እኔ ቀድሜ ዐወቅሁት። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን ያገባብን አጥቂ ነው። እሷ ቀና ብላም አላየችው፤ ክሪኩን ይዛ መኪናው ሥር ገባች።

"እናቴ፣" አለኝ፣ "ባለፈው እዚህ ሜዳ ስንገባ ትልቁን ጥሩምባ የነፋውን ሰው ያውቁታል?"

"ምን ልትሆን ነው?" አልኩት።

"ላመሰግነው ነው። እኛ የትም ሜዳ ስንሄድ የሚቀበለን ፉጨትና ስድብ ነው። ያን ቀን ግን… ምን ልበልዎት፣ ትከሻዬ ሰፋብኝ። ጓደኞቼም እንደዚያው። እንደ ንጉሥ ነው የገባነው።"

"ንጉሥ አይደለም፣" አለ ከመኪናው ሥር አንድ ድምፅ። "ንግሥት።"

"እ?"

"የጨው ንግሥት። የነፋሁላችሁ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ስትነሣ ያለውን ብትሰሙማ…" ድምፁ ተቋረጠ። ብሎን መፍቻው ኮንክሪቱ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከመኪናው ሥር በጀርባዋ ተንሸራታ ወጣች፣ ግንባሯ ላይ ግሪስ ተለቅልቋል።

"እማማ! የመጨረሻው ጨዋታችን የት ነው?"

"ከሜዳችን ውጪ ነዋ።"

"እዚያ እንግዳ ሆኖ የሚገባው ማነው? በፉጨት የሚቀበሉት ማንን ነው? እኛን! እማማ፣ እዚያ እኮ ክፉዎቹ እኛ ነን!"

"ጎማዬስ?" አለ አጥቂው። ማንም አልመለሰለትም፤ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነበርን።

የቡድኑ አሠልጣኝ ቀን ቀን ሒሳብ ያስተምራል። ከክፍል ሲወጣ ያዝነው። እሷ ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችው፤ እሱ ጠመኔውን በጣቶቹ እያሽከረከረ ሰማት።

"ከሜዳችን ውጪ አሸንፈን አናውቅም፣" አለ በመጨረሻ። "በሜዳቸው እኛ ኔጌቲቭ ነን። ዜማሽም ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ…" ብሎ ቆመና ጠመኔውን ኪሱ ከተተው። "ቁልፉ ግን ሻለቃ አንገት ላይ ነው።"

ሻለቃ ቤታቸው በር ላይ ጫማቸውን ሲያስጠርጉ አገኘናቸው። ሐሳቡን ገና እንደሰሙ ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

"እኔ ቆሜ ስሄድ አይሆንም! ለጠላት የነፋ አፍ!"

ኮምፕሬሰር አቀረቀረች። እኔ መናገር አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን የጫማዋን ጫፍ ጫፍ ሲያዩ የነበሩት ዓይኖቿ አስቸገሩኝ።

"ሻለቃ፣" አልኳቸው፣ "ልጅቷ ያጠፋችው ደብዳቤውን አይደለም። ደብዳቤው ደህና ነበር። በር ነው የተሳሳተችው። እርስዎ በዚያ ሁሉ ዘመን በር ተሳስተው አያውቁም?"

ሻለቃ መዳፋቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። ጫማ ጠራጊው ብሩሹን አቆመ። ለካ አንዳንድ ሰው የሚነካበት ቦታ አለው።

"ተሳስቼ አውቃለሁ፣" አሉ ቀስ ብለው። "የሠርግ ጥሪ ለሙሽራው የቀድሞ እጮኛ ሰጥቻለሁ።" ቀጥለውም በቁጣ፣ "እስቲ አሰሙኝ!"

ማዳመጫውን ደፋችላቸው። ሻለቃ ፊታቸውን እንደ ተዘጋ በር አድርገው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጢማቸው ተከተለ። ማዳመጫውን ሊያወልቁ ሲሉ ሁለት ጣቷን አነሣች።

"ቆይ፣ ሻለቃ። ገና አልተነሣችም።"

ስትነሣ ሻለቃም ተነሡ፤ አንደኛው ጫማቸው ሳይጠረግ ነው የተነሡት። ሲያወልቁት ፊታቸው እንደተዘጋ ነበር፤ ያሉት ግን ይህን ብቻ ነው። "እዚያ መሃል ላይ… ያችን እጥፍ ከበሮ ማነው የሚመታልኝ?"

ከሜዳችን ውጪ ለሚደረገው ጨዋታ በአንድ አውቶቡስ ሄድን። ጥሩምባው ለብቻው ወንበር ተሰጥቶታል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በየመታጠፊያው እይዘዋለሁ። ማሸነፍ አለብን፤ አቻ እንኳ ያወርደናል። ሻለቃ ደግሞ ከመሳፈራችን በፊት ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ "ካሸነፍን ጥሩምባው ያንቺ ነው። ከወረድን ጥሩምባውም ወደ መጋዘን፣ አንቺም ወደ ጎማሽ።"

ሜዳው በባለሜዳዎቹ ደጋፊዎች ጢም ብሏል። "ወራጆች መጡ! መሰላል አምጡላቸው!" ይላሉ። ፉጨቱ ጆሮ ይበጣል። የእኛ ሰው አንድ ጥግ ላይ ጭብጥ የምታህል ናት። ልጆቻችን መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርሱ ሻለቃ ዘንጋቸውን አነሡ። ኮምፕሬሰር ነፋች።

የመጀመሪያው ድምፅ በአየር አልመጣም፤ በወንበሩ እግር ነው የመጣው። ፉጨቱ ተቆረጠ። ዳቦ ጋጋሪው በረኛችን፣ ሁልጊዜ ዕቃ ረስቶ እንደሚመለስ ሰው የሚገባው ምስኪን፣ ግንቡ የእሱ እንደሆነ ሰው ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ ገባ። አሥሩ ተከተሉት። አጠገቤ ያለችው ሴት "ማናቸው እነዚህ?" አለች። የጎረቤቶቿን ልጆች ነው የጠየቀችው።

ቢሆንም ዜማ ብቻውን ጎል አያገባም። ለእረፍት ሲወጡ አንድ ለዜሮ እየተመራን ነበር። አሠልጣኙ ጠመኔ ለሌለው እጁ ቦታ አጥቷል። ሻለቃ ቁልፉን ይነካካሉ። እኔ የልጅ ልጄን አየሁ። ከንፈሯን በክንዷ ጠረገች።

"ምን ሆናችኋል?" አለች። "ገና አልተነሣችም እኮ።"

ከእረፍት በኋላ ወንበሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ሻለቃ የከበሮውን ዱላ ከከበሮ መቺው ነጥቀው እጥፉን ራሳቸው ጀመሩ። ሁለተኛው ክፍል መጣ። አንድ ነገር ግን ጎደለው፤ መዘምራኑ የሉም። የእኛ ሰዎች ቃሉን አያውቁትም። እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ድምፄ ግን ከአፍንጫዬ ርቆ አይሄድም። ያው ዘመርኩ።

ያን ጊዜ ነው ከማዶ፣ ከባለሜዳዎቹ መሃል፣ የእነሱን ቀለም ከአንገት እስከ እግሩ የለበሰ አንድ ባለመነጽር ጎልማሳ ብድግ ያለው። ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለት ጣቱን አንሥቷል። የማንም ባልሆነው ቋንቋ መዘመር ጀመረ። ከበላዩ አንዲት ሴት ተነሣች። ከበታቹ ሁለት ወንድማማች የሚመስሉ። ከወዲያ ጥግ አንድ፣ ከወዲህ አምስት፤ እንደ ክረምት እንጉዳይ ከየቦታው ብቅ ብቅ አሉ።

"ለማን ነው የምትዘምረው አንተ ከሃዲ!" ይለዋል አጠገቡ ያለው፣ ጃኬቱን እየጎተተ።

"ይቅርታ ወንድሜ! ይቅርታ! ተነሣች እኮ!"

ይኸው ነው እነዚህ ሰዎች። ቡድናቸውን ይወዳሉ፣ ከተማቸውን ይወዳሉ፤ ንግሥቲቱ ስትነሣ ግን ተቀምጦ መቅረት ከአቅማቸው በላይ ነው። ሜዳው በአራቱም ማዕዘን ዘመረ። የባለሜዳዎቹ ተጫዋቾች የገዛ ወገናቸው ለማን እንደሚዘምር ግራ ገብቷቸው ወደ ላይ ሲያዩ፣ የእኛው አጭሩ አማካይ ኳሷን ከእግራቸው መሃል ይዟት ሄደ። አንድ ለአንድ። ኮምፕሬሰር አላቆመችም። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ የአንገቷ ሥር ገመድ ሆኗል፣ ሻለቃ ከበሮውን ሊቀድዱት ደርሰዋል። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ማን እንደገጨው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ገባች። ሁለት ለአንድ። አልወረድንም።

አሠልጣኙ ኮቱን አውልቆ ወደ ሰማይ ወረወረው፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥሩምባው አፍ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ያወጡት በስንት ልፋት ነው። ሻለቃ ከአንገታቸው ቁልፉን አወለቁና በልጅቷ አንገት ላይ አጠለቁላት። "ቡም ብቻ አይደለሽም" አሏት። ከሳቸው አፍ ይህ ቅኔ ነው። ባለመነጽሩ ጎልማሳ ደግሞ አጥር ተሻግሮ መጣ። ለጠብ መስሎኝ ጃንጥላዬን ጨበጥሁ። "እህቴ፣" አላት እያለከለከ፣ "መዘምራኑ የሚገቡት ከከበሮው ጋር ነው አይደል? ቀጥሎ ነው የሚል አንድ አትክልት ሻጭ አለ…" ለካ ያ የተኳረፈው መሐንዲስ ነው!

ቤታችን የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ክብርት ኮምፕሬሰር ከንፈራቸው አብጦ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጥሩምባው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግንባሯ ላይ የቀረ ግሪስ ነበር፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁላት።

ጆይስቲኩን አቧራውን አራግፌ አነሣሁት። ንግሥቲቱ ዙፋኗ ላይ ናት። ጽሑፉ ከታች መጣ፣ ቆመ። በዚህ ዓለም ላይ ፊደል ለዘገየበት ሰው እንደ እሷ የሚታገሥ የለም፤ ሐኪሙም፣ የባንኩም ልጅ፣ የአውቶቡሱም ታፔላ ያልፉኛል። እሷ ግን ስድቧን እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። "አንተ… ትንሽ… ሰው።" ጨረስኩ። አዝራሩን ራሴ ተጫንኩ። ዜማው ጀመረ።

መዋጋት አልችልም። የማውቀው መድኃኒት የሚያጠጣውን አዝራር ብቻ ነው፤ እሱን እየተጫንኩ ተቀመጥኩ።

ልጄ ከጓዳ ጮኸች። "አሁንም ጀመራችሁ? ግደያትና እራት እንብላ!"

"ልጄ፣" አልኳት፣ "ብገድላት ዜማው ይቆማል።"

የስፌት መኪናው ዝም አለ። ልጄ ብቅ ብላ በመጀመሪያ ሶፋው ላይ የተኛችውን፣ ቀጥሎ ጆይስቲክ የያዘችውን እናቷን አየች። እሷ አንድ ነገር ከማለቷ በፊት ድምፁን ከፍ አደረግሁት።